የእትዬ ዘይነባ ሲቀነስ አንድ

ሰው በሃምሳ ዓመቱ ሙያ ሲቀይር ዘመድ አዝማዱ ሁሉ "ጎበዝ ነህ" ይለዋል። "ጎበዝ ነህ" በእኛ ዘንድ ሁለት ትርጉም አለው። አንዱ አድናቆት ነው። ሁለተኛው "እንግዲህ ያውጣህ" ነው። እኔ ስባል የከረምኩት ሁለተኛውን እንደነበረ የገባኝ በረመዳን የመጨረሻ ሳምንት ነው። ሳምንቱ ካለፈ ቆይቷል፤ ድካሙ ግን እስካሁን ትከሻዬ ላይ ስላለ ቁጭ ብዬ ላውጋችሁ።

አሥራ አንድ ዓመት ለንደን፣ ሂትሮው አየር ማረፊያ ላይ ወለል አጽድቻለሁ። በዕረፍቴ፣ በኦፍ ቀኔ፣ ኮሌጅ እየሄድኩ ፕሮግራሚንግ ተማርኩ። የመጀመሪያ ቀን ስገባ የክፍሉ ልጆች አስተማሪው መስዬያቸው ጸጥ አሉ፤ ከኋላ ወንበር ስቀመጥ ነው ወሬያቸውን የቀጠሉት። እንደምንም ጨረስኩ። ከዚያ ካምደን ውስጥ፣ ከቆዳ ጃኬት መሸጫ በላይ፣ አራት ሰው የሚሠራበት ትንሽ ቢሮ በስድስት ወር ፕሮቤሽን፣ በሙከራ ማለት ነው፣ ቀጠረኝ።

ቢሮው የጽዳት ድርጅቶች ለሠራተኞቻቸው የሳምንቱን ሺፍት የሚልኩበት ፕሮግራም ይሠራል። ከደንበኞቹ አንዱ እኔ ራሴ ሂትሮው ላይ እሠራበት የነበረው ድርጅት ነው። የቀጠሩኝም "ሕይወቱን ያውቀዋል" ብለው ይመስለኛል። እውነት ነው፣ ሕይወቱን አውቀዋለሁ። ያላወቅሁት ኮምፒውተሩን ነው።

አለቃዬ ግርሃም ይባላል። ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ፣ ሻዩን አቀዝቅዞ የሚጠጣ እንግሊዛዊ ነው። አነጋገሩን ለመረዳት ሦስት ወር ፈጅቶብኛል። "መጥፎ አይደለም" ካለ በጣም ጥሩ ነው ማለት ነው። "ደስ የሚል ሐሳብ ነው" ካለ ተወው ማለት ነው። "ይገርማል" ካለ ግን ኮትህን የት እንደሰቀልክ ማስታወስ ጀምር።

አንድ ቀን ጠራኝና ሥራ ሰጠኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። በፕሮግራሙ ውስጥ እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ መዝገብ አለው፤ ስሙ፣ የባጁ ቁጥር፣ የሚሠራባቸው ተርሚናሎች፣ የሳምንቱ ሺፍት። መልእክቱን የሚጽፈው ፕሮግራም እነዚህን አንድ በአንድ በስማቸው እየጠራ ያወጣ ነበር። ደንበኛው "የጓንት ቁጥርም ይግባልን" ባለ ቁጥር እኛ ተቀምጠን እንጨምራለን። ግርሃም ይህ ሰልችቶታል።

"መዝገቡን ራሱን እየጠየቀ የሚያወጣ ነገር ጻፍልኝ" አለኝ። "ምን እንዳለው አስቀድሞ ማወቅ የለበትም። ይጠይቅ።"

ይህ በሙያው ሪፍሌክሽን ይባላል። ፕሮግራሙ የማያውቀውን መዝገብ ያስቆምና "ማነህ? ስንት ኪስ አለህ? በየኪስህ ምን ይዘሃል?" እያለ ይፈትሸዋል። እኔ ለአሥራ አንድ ዓመት በየማለዳው ሂትሮው በር ላይ እንዲህ ስፈተሽ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ "ቀላል ነው" አልኩት። በሕይወቴ "ቀላል ነው" ያልኩባቸውን ነገሮች ብቆጥራቸው አንዱም ቀላል ሆኖ አልተገኘም፤ አፌ ግን አይማርም።

ጻፍኩት። ለመሞከሪያ አንድ የሌለ ሠራተኛ ፈጠርኩ። ስም ሰጠሁት፣ ባጅ ሰጠሁት። ሺፍት አልሰጠሁትም፤ ገና ተወልዶ ሥራ ማስገባት ከበደኝ። ፕሮግራሜ ኪሶቹን ሁሉ ፈተሸ፣ ስምና ባጁን አወጣ፣ የሺፍቱ ኪስ ባዶ ስለሆነ ዝም ብሎ አለፈው። አማረብኝ። ዓርብ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ለቀቅሁት። በዚህ ሙያ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ምንም ነገር አይለቀቅም። ሁሉም ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር። ነገር ግን ሥራ ማሳደር ኩነኔ ነው ተብዬ ነው ያደግሁት።

ቅዳሜ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። እትዬ ዘይነባ ናቸው። ሃርልስደን ውስጥ ከእኔ አንድ ፎቅ በታች የሚኖሩ የደሴ ሴት ናቸው፤ ስድሳን አልፈዋል። ሂትሮው ሥራ ያስገቡኝ፣ ሞፕ ወገብ ሳይጎዳ እንዴት እንደሚጨመቅ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። እኔ ትቼ ወጣሁ፤ እሳቸው እስካሁን እዚያው ናቸው። በጾም አፋቸው ደረጃውን ወጥተው ስልካቸውን ዘረጉልኝ።

"ልጄ፣ ይቺን እስቲ አንብብልኝ። የኢሚግሬሽን ነገር እንዳይሆን።"

አየሁት። ስማቸው አለ፣ ባጃቸው አለ። ሺፍት በሚለው ትይዩ ግማሽ ቅንፍ፣ አንዲት ትልቅ ፊደል፣ የኢሜይል አድራሻ ላይ የምትገባዋ ክብ ምልክት፣ ከዚያ የተደበላለቁ ቁጥሮችና ፊደሎች ተደርድረዋል።

የሆነው ወዲያው ገባኝ። የሳምንት ሺፍት አንድ ነገር አይደለም። ሰባት ቁጥር በተርታ ነው፤ ሰባት በር እንዳለው የሠራተኛ ዕቃ ማስቀመጫ ሎከር። በሙያው አሬይ ይባላል። አሬይን በደፈናው "ምን ይዘሃል?" ብለህ ብትጠይቀው የያዘውን አይነግርህም። ዘሩንና የቤቱን ቁጥር ይነግርሃል። በር በር እየከፈትክ ማየት አለብህ። እኔ አልከፈትኩም።

"ምን ይላል?" አሉኝ።

"ሺፍትዎ ነው፣ እትዬ።"

"የቱ ቀን ነው ይሄ?"

"ሁሉም ነው" አልኩ። ውሸት አልነበረም።

ስልኩን መልሰው ራቅ አድርገው አዩት። "እኔ የምፈልገው ዓርብና ቅዳሜ ኦፍ መሆኔን ነው። ሐሰን ሰኞ ይገባል።"

ሐሰን ታናሽ ወንድማቸው ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልተያዩም። ቪዛው ሁለት ጊዜ ተከልክሎ በሦስተኛው ወጥቶለታል። እትዬ ዘይነባ ዒድን ከእሱ ጋር ለመስገድ ጨረቃዋ የቱን ቀን እንደምትመርጥ ስለማይታወቅ ሁለቱንም ቀን ኦፍ ጠይቀው ነበር።

"ይሆናል፣ አይስጉ። የቢሮ ኮምፒውተር ችግር ነው" አልኳቸው።

"አንተ ያለህበት ቢሮ ነው?"

"አዎ፣ እዚያ አካባቢ ነው።"

ይህን ካልኩ በኋላ በሩን ዘግቼ ግንባሬን በሩ ላይ አሳረፍኩ።

ወዲያው መስፍን ደወለ። መስፍን የድሮ የሥራ ጓደኛዬ ነው፤ አሁን ሂትሮው ላይ የሺፍቱ ተቆጣጣሪ ሆኗል። በሰው ሲናደድ ይበልጥ ትሑት ይሆናል።

"ወንድሜ፣ እንደምን አደርክ? ቤተሰብ ደህና? መልእክታችሁ ደርሶናል። አንድ ሰውዬ የበር ቁጥር መስሎት ተርሚናሉን ሲዞር አረፈደ። ጋናዊቷ አኮስያ ደግሞ የኢሜይል አድራሻ ነው ብላ 'ሺፍቱን ተቀብያለሁ፣ አመሰግናለሁ' የሚል ደብዳቤ ጽፋ አልደርስ ብሎ ተመለሰባት። እኔ የሽንት ቤት ወረቀት ካርቶን ቀድጄ የዛሬንና የነገን በእጄ ጽፌ በር ላይ ለጥፌያለሁ። ሰኞ ይስተካከላል አይደል?"

"ሰኞ ይስተካከላል" አልኩት።

ሰኞ ኢንተርኔት ላይ መፍትሔ አገኘሁ። አንድ የማላውቀው ሰው "ተርታውን የነገሮች ተርታ ነህ በለውና አንድ በአንድ አውጣው" ይላል። እንዳለው አደረግሁ። የተርሚናሎቹ ተርታ ቃላት ስለነበሩ እሺ ብለው ወጡ። ሺፍቶቹ ግን ቁጥሮች ናቸው። የቁጥር ተርታ የነገር ተርታ ነህ ሲባል አይቀበልም፤ ኩራት ነው ወይም ሕግ ነው፤ ብቻ ፕሮግራሙ እዚያው ይወድቃል። የእኔም ወደቀ። ሲወድቅ ግን እስከዚያ የጻፈውን ለሁሉም ላከው። መልእክቱ በአማርኛ ቢነገር እንዲህ ነበር፤ "ውድ ሠራተኛችን፣ በዚህ ሳምንት የሚሠሩት ተርሚናል ሁለት እና ተርሚናል ሦስት ላይ ሲሆን ሺፍትዎም"። አለቀ።

"'ሺፍትዎም' ብሎ ዝም አለ" አለኝ መስፍን በስልክ። "ሽማግሌ ተረት ጀምሮልህ መሐል ላይ እንቅልፍ ሲወስደው አይተሃል? እንደዚያ ነው። ሰዉ አሁንም እየጠበቀ ነው። ካርቶን ደግሞ እያለቀብኝ ነው።"

ግርሃም ከኋላዬ መጥቶ ስክሪኑን አየ። ሻዩን አንድ ጊዜ ፉት አለ።

"ይገርማል" አለ።

ኮቴ በሩ አጠገብ ነበር የተሰቀለው።

ማክሰኞ ትክክለኛውን መንገድ አገኘሁ። ለእንዲህ ያለ ሥራ የተዘጋጀ መሣሪያ ከጥንትም ነበረ። ተርታው የቃልም ይሁን የቁጥር ግድ የለውም። መጀመሪያ "ተርታ ነህ ወይ?" ይለዋል። "ነኝ" ካለ "ስንት በር አለህ?" ይላል። ከዚያ ከዜሮ ጀምሮ እያንዳንዱን በር እያንኳኳ ያለውን ያወጣል። መመሪያው ላይ በመጀመሪያው ገጽ ነው የተጻፈው። እኔ መመሪያ የማነበው ነገሩ ከተሰበረ በኋላ ነው፤ በዚህ ብቻዬን አይደለሁም።

አሁን ሺፍቶቹ እንዴት እንደሚጻፉ ልንገራችሁ፤ መከራው ያለው እዚህ ላይ ነው። ዜሮ ማለት የማለዳ ሺፍት ነው፤ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ሥራ ላይ መገኘት። አንድ የቀን ነው። ሁለት የማታ ነው። ሂትሮው ያለ ሰው ሁሉ በዚህ ነው የሚነጋገረው። "ነገ ዜሮ ነኝ" ብሎ ፊቱን የሚያጨልም ሰው ብታገኙ ራሱን እየናቀ አይደለም፤ በዘጠኝ ሰዓት ሌሊት መነሣት እንዳለበት እየነገራችሁ ነው። ተጠይቆ የተፈቀደ ኦፍ ደግሞ ሲቀነስ አንድ ተብሎ ይመዘገባል፤ የወትሮው የሳምንት ዕረፍት ሌላ ቁጥር አለው። የድሮው ፕሮግራም ይህን ሲያይ "ኦፍ" ብሎ ይጽፍ ነበር። የእኔ ያገኘውን ነው የሚጽፈው። ጠይቅ ተብሏል እንጂ ተርጉም አልተባለም።

ማክሰኞ ምሽት እትዬ ዘይነባ አፍጥረው መጡ። በአንድ እጃቸው ሳምቡሳ የተሸፈነበት ሳህን፣ በሌላው ስልኩን ይዘዋል። ከኋላቸው አንድ ቀጭን፣ ጺሙ የሸበተ ሰውዬ ቆሟል። ሐሰን ነው። ለንደን ከገባ አንድ ቀኑ ስለሆነ ኮቱን ቤት ውስጥም አላወለቀም።

"ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ" አሉ። "ቀነሱኝ?"

"ምን ማለትዎ ነው?"

"ይኸው፣ ዓርብ ሲቀነስ አንድ ይላል። ቅዳሜ ሲቀነስ አንድ ይላል። ቅነሳ ነው አይደል? አስቀድሞ በቀን ቀንሶ፣ ኋላ ጠቅላላውን?"

"አይደለም እትዬ። ኦፍ ማለት ነው። ጥያቄዎ ተፈቅዷል።"

"ኦፍ ከሆነ ለምን ኦፍ አይልም? ሁለት ፊደል አይደለም እንዴ?"

"ለኮምፒውተሩ ቁጥር ስለሚቀለው ነው።"

"ለእሱ ይቅለለው ተብሎ እኔ ልደንግጥ?" አሉና ሳህኑን ሰጡኝ። ሐሰን "እህቴ ከቀትር ጀምሮ ዱዓ ላይ ናት" አለኝ ቀስ ብሎ። ሳምቡሳው ጥሩ ነበር። አንዱን ብቻ በላሁ።

ረቡዕ ጠዋት ቢሮ የገባሁት ያንን ሲቀነስ አንድ ከምድረ ገጽ ላጠፋ ቆርጬ ነው። ከአርባ በላይ ሰው በዚያ ሳምንት ኦፍ አለው፤ ሁሉም ተቀነስን ብሎ መስፍንን ይዞታል። ደክሞኝ ነበር። አራተኛ ቀኔ ነው እንቅልፍ ካጣሁ። ስለዚህ አጭሯን መንገድ ያዝኩ፤ ፕሮግራሙ በር በር ሲያንኳኳ ሲቀነስ አንድ ካገኘ ያንን አውጥቶ ዜሮ እንዲያስገባ አዘዝኩት። ዜሮ ማለት ምንም ማለት ነው፣ ምንም ማለት ደግሞ ሥራ የለም ማለት ነው ብዬ።

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተት አለ። አንደኛውን አንባቢ ከእኔ ቀድሞ አይቶታል። አሥራ አንድ ዓመት ዜሮ የሠራሁ ሰው ዜሮ ምን እንደሆነ ረሳሁ። ሁለተኛው የሙያ ነው። በእጄ ያለው የሎከሩ ግልባጭ መስሎኝ ነበር፤ ለመልእክቱ ብቻ የተቀዳ። አልነበረም። ዋናው ሎከር ነው። በሩን ከፍቼ ያስገባሁት ሁሉ እዚያው ቀረ፣ ፕሮግራሙም መዝገቡን ዘግቶ በትጋት አስቀመጠው። ወዲያው ደግሞ መልእክት ላከ።

ምሳ ሰዓት ላይ መስፍን ደወለ። በዚህኛው ስለ ቤተሰብም አልጠየቀኝም።

"ዒድን ኦፍ የጠየቀ ሰው ሁሉ ዓርብ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ሥራ ግቡ ተብሏል" አለኝ። "ሁሉም። ሌላ ማንም አልተነካም። ሙስሊሞቹ ብቻ። እና አንድ ፖላንዳዊ፤ እሱ ከስፔን ባሕር ዳር ደውሎ ምን አጠፋሁ እያለኝ ነው።"

መዝገቡን ስክሪኑ ላይ ከፈትኩ።

"ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ ተሰብስበዋል። ማንም አልጮኸም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። አንዱ 'ጾም ላይ ስለሆንን ነው ዝም ያልነው' አለኝ። ምን ልበላቸው?"

"መልሼ ልደውልልህ" አልኩት።

የቀድሞውን ለመመለስ ሞከርኩ። የሚመለስ ነገር የለም። ሲቀነስ አንድ የነበረውም፣ ከመጀመሪያውም ዜሮ የነበረውም አሁን እኩል ዜሮ ነው፤ የማን ኦፍ የማን ሺፍት እንደሆነ አይለይም። መጠባበቂያ ቅጂው በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ይወሰዳል፣ አንድ ብቻ ነው የሚቀመጠው፣ የዚያን ቀኑም የእኔን ስሕተት በታማኝነት ገልብጦ ተቀምጧል።

ግርሃም ዴስክ ሄጄ ቆምኩ። ያደረግሁትን ሁሉ ከመጀመሪያው ነገርኩት። እንግሊዝኛዬ በድንጋጤ ጊዜ ይስተካከላል፤ ምክንያቱን አላውቅም። ሰምቶ ሲጨርስ ኩባያውን አስቀመጠ።

"በጣም ይገርማል" አለ። "በጣም" ሲጨምርበት የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ቆየት ብሎ "ጥያቄዎቹ በወረቀት ይኖራሉ?" አለኝ።

"መስፍን ቁም ሳጥን ውስጥ ይኖራሉ።"

"ነገ ሂድና መልሳቸው። ወረቀት ያላየህበትን ቁጥር አትንካ። ስትነካም ሌላ ሰው አጠገብህ ቆሞ ይይ።"

ማታውን እትዬ ዘይነባ ዘንድ ወረድኩ። ሐሰን ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ ቁርኣን ይቀራል። እሳቸው የሥራ ዩኒፎርማቸውን እየተኮሱ ነው። ዓርብ ሥራ ግቡ የሚለውን መልእክት አይተዋል።

"ሰዉ ሆን ተብሎ ነው ይላል" አሉኝ ቀና ሳይሉ።

"እኔ ነኝ እትዬ። የጻፍኩት እኔ ነኝ። የቅዳሜውም፣ የሰኞውም፣ ይሄኛውም።"

ካውያውን አቆሙት። "ሆን ብለህ?"

"ደክሞኝ።"

ዩኒፎርሙን አጣጥፈው ወንበር ላይ አኖሩት። ሐሰን መቅራቱን አላቋረጠም፣ ድምፁን ግን ቀነሰ።

"እኔ ለሰዉ ብነግር ላንተ ያደላሁ ይመስላቸዋል" አሉ በመጨረሻ። "ነገ ራስህ ንገራቸው። ፊታቸው ቆመህ።"

ሐሙስ በፒካዲሊ መስመር ሂትሮው ሄድኩ። በዚያ ባቡር ለአሥራ አንድ ዓመት ተኝቼ ነው የሄድኩት፤ ያን ቀን ዓይኔን ጨፍኜ እንኳ አልተሳካልኝም። መስፍን ከጥበቃው ውጪ ያለችውን የማረፊያ ክፍል ከፈተልኝ። አርባ የሚሆን ሰው አለ። ብዙዎቹን አውቃቸዋለሁ። ጾመኛ ሰው ፊት ቆሞ ጥፋት መናገር ከባድ ነው፤ ውኃ እንኳ ፉት ብለህ ጊዜ ማግኘት አትችልም።

ነገርኳቸው። አሬይ ምን እንደሆነ ላስረዳ ጀመርኩና ተውኩት። "ኦፋችሁን የሰረዝኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላዘዘኝም። ዜሮ ባስገባ ባዶ ይሆናል ብዬ ነው" አልኳቸው።

ከኋላ ፋራሕ የሚባለው ሶማሊያዊ ተነሣ። ረጅም፣ ኮስታራ፣ ከእኔ ጋር ስድስት ዓመት አብሮኝ የሠራ ሰው ነው።

"አንድ ነገር ግልጽ ይሁንልኝ" አለ። "ዜሮ ምን እንደሆነ ረሳህ?"

"ረሳሁ።"

"አንተ? ስድስት ዓመት ከእኔ ጋር ዜሮ የሠራኸው? የእቃ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ባልዲ ላይ ተቀምጠህ የምታንቀላፋው?"

"እኔው ነኝ።"

ፋራሕ ወደ ሰዉ ዞሮ "ይህ ሰው ተንኮል አይችልም" አለ። "ተንኮል ማስታወስ ይጠይቃል።"

አንዲት ሴት ሒጃቧን አፏ ላይ ይዛ ሳቀች። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ ክፍሉ በሙሉ። እኔ አልሳቅሁም፤ አጠገቤ ባገኘሁት ወንበር ተቀመጥኩ።

መስፍን የወረቀቶቹን ፋይል አመጣ። ተሰለፉ። ስም፣ ባጅ፣ ኦፍ የጠየቁበት ቀን፤ አንድ በአንድ ከወረቀቱ እያየሁ ከተብኩ፣ መስፍን ከትከሻዬ በላይ ቆሞ እያንዳንዱን አነበበ። ፖላንዳዊው የወረቀቱን ቅጂ በስልክ አሳይቶን ወደ ባሕሩ ተመለሰ። ሦስት ሰዓት ፈጀብን። መጨረሻ ላይ የቆሙት እትዬ ዘይነባ ነበሩ።

ወረቀታቸው የለም። መስፍን ፋይሉን ሁለት ጊዜ ገለበጠው፣ ከዚያ ፊቱ ተለዋወጠ።

"መነጽራቸውን የረሱ ቀን ነው" አለኝ በጆሮዬ። "ወረቀቱን ይተውት ብዬ እኔው በቀጥታ ኮምፒውተር ላይ አስገባሁላቸው። ልረዳቸው ብዬ።"

የበላዩ የሆነችው ማናጀር ጋ ደወለ። በስልኩ ውስጥ ድምፅዋ ይሰማኛል፤ ክፉ ሴት አይደለችም፣ ነገር ግን በዚያ ሳምንት ከኮምፒውተር የመጣ ነገር አላምንም ብላለች፤ ወረቀት ከሌለ ኦፍ የለም። ማን ይፈርድባታል? እኔ ሁለት ቁጥር ብከትብ ነገሩ ያልቅ ነበር። ጣቴም ቁልፉ ላይ ነበር። እትዬ ዘይነባ ጣቴን አዩት።

"ተው" አሉ። "አንተ ስታስተካክል እኔ እፈራለሁ።"

እጄን አነሣሁ።

መስፍን ትንሽ አሰበ። "ዓርብ እኔ ማታ ነኝ" አለ። "የእርስዎን ማለዳ እኔ ልግባ። ሰግደው፣ ከወንድምዎ ጋር ምሳ በልተው፣ ማታ የእኔን ይገባሉ። ቅያሬ ነው፤ ለቅያሬ የእኔ ፊርማ ይበቃል።"

"አንተ ተቆጣጣሪ አይደለህ? ሞፕ ልትይዝ?"

"ወለሉ ተቆጣጣሪ መሆኔን አያውቅም" አላቸው። የቅዳሜውን ማለዳ አኮስያ ወሰደችላቸው፤ ሳይጠይቋት።

ጨረቃዋ ለዓርብ ሆነች። ጠዋት የግርሃም ደብዳቤ ደረሰኝ። ፕሮቤሽኔን በሦስት ወር አራዝሞታል። ከሥር "ራስህ መጥተህ መንገርህ መጥፎ አልነበረም" ብሏል። የእሱን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ትንሽ ቁጭ ማለት አለበት። እኔም አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ።

ምሳ እትዬ ዘይነባ ቤት ተጠራሁ። ሐሰን ለመጀመሪያ ጊዜ ኮቱን አውልቋል። የደሴውን ሰፈር ሁሉ እየቆጠረ ማን እንደሞተ፣ ማን እንዳገባ፣ የማን ቤት ፎቅ እንደሆነ ይነግራቸዋል፤ እሳቸው አንዳንዱን ሁለት ጊዜ ያስደግሙታል። ሰዓቱን የሚያይ አልነበረም፣ ከእኔ በቀር። አሥር ሰዓት ሲሆን ማን እንደሚነግራቸው አላውቅም ነበር። እሳቸው ግን ራሳቸው ተነሡ። በሐሰን ወሬ መሐል መኝታ ቤት ገብተው ዩኒፎርማቸውን ለብሰው ወጡ። ሐሰን የጀመረውን ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ አያቸው።

"ጨርሰው፤ እሰማለሁ" አሉት ጫማቸውን እያሰሩ። ጨረሰው። ስለ አንድ የተሸጠ ግቢ ነበር።

ፌርማታው ድረስ ሸኘኋቸው። እጃቸው ላይ ሒናው ገና ጥቁር ነው፤ በላዩ የዩኒፎርሙ እጅጌ ይታያል። ዝናብ ቢጤ ያካፋል። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

"ያ ማሽን ማን እንደሆንኩ ያውቃል?"

"አያውቅም እትዬ። ይጠይቃል እንጂ አያውቅም።"

"የሐሰንን ነገርም?"

"እሱን የሚጠይቅበት ኪስ የለውም።"

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አልተቆጡም። "ማሽንማ ይሁን" አሉ። "አንተ ግን ታውቅ ነበር።"

"አውቅ ነበር።"

አውቶቡሱ መጣ። ካርዳቸውን አስነክተው ገቡና በሩ አጠገብ ያለው መቀመጫ ላይ እንደ ደከመው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተቀመጡ። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

"ነገ ጠዋት ስልኬ እንዳይጮህ። ልተኛ ነው።"

"እኔም" አልኳቸው። በሩ ተዘግቶ ስለነበር የሰሙኝ አይመስለኝም።